ምን ትፈራለች?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 12፡40፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ

ጽሑፌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ከዴሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነን። ልጄን ሰሚራን አሁን አስረክቤ መጣሁ። ሕፃናት ማቆያ ከገባች ሁለት ሳምንቷ። ዛሬ አላለቀሰችም! እጄን ለቀቀች፣ ጫማዋን ራሷ አወለቀች፣ ገባች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። የማቆያው ባለቤት ሲስተር ሀዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ማሻ አላህ፣ ልጅሽ ለመደች አለችኝ። ሰርቪስ ውስጥ ሳወራ ሴቶቹ ሁሉ ቀኑብኝ።

እኔ ግን ደብተሬ፣ ደስታው አልመጣልኝም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ናት። አማቴ ታመው አገር ቤት እስኪገቡ ድረስ ከእሳቸው ጀርባ ወርዳ አታውቅም። በሁለት ሳምንት?

ይህን ቤት ለምን እንደመረጥኩ ልጻፍ፣ ልቤ እንዲረጋ። ሦስት ቦታ አየሁ። አንዱ ጋ አንዲት ሴት ለዘጠኝ ሕፃን፣ እሷም ስልኳ ላይ። እዚሁ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ያለው የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ደግሞ ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማል። አንዱ ድስት በማንኪያ ይደበድባል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሽሮው ወለሉ ላይ። ሳልገባ ተመለስኩ። ፒያሳ አጠገብ ያለው የሲስተር ሀዋ ግን ግድግዳው ላይ ጥንቸል ተስሎበታል፤ ጫማው በመስመር ተደርድሯል፤ አሥራ አራት ልጅ እያለ ድምፅ የለም። ጸጥታውን ነው የመረጥኩት። ጨዋ ልጅ የሚወጣው ከዚህ ነው አልኩ።

ደግሞ የምዝገባ ቅጹ። ክትባት፣ የማይስማማት ምግብ፣ የእንቅልፍ ሰዓት። መጨረሻው ላይ፦ ልጅዎ ምን ትፈራለች? እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ለካ እንዲህም የሚያስብ ሰው አለ። «ጅብ» ብዬ ጻፍኩ። ከተራራው ሲጮኽ ስትሰማ ብብቴ ሥር ትወሸቃለች።

ስለዚህ ጥሩ ቤት ነው። ጥሩ ቤት ነው።

ረቡዕ 5። ከሰዓት 11፡50

ወደቀች። የግቢያችን ድንጋይ ላይ፣ በግንባሯ። ደም። እየጮኽኩ ሮጥኩ፤ የጮኽኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ አፏን ግጥም አድርጋ ታየኛለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም። ባሌ እንድሪስ ከቦሩ ሜዳ፣ ከአናጢነት ሥራው ሲመለስ ነገርኩት። ጀግና ናታ አለኝ፣ ሳማትና ሚስማሮቹን ማስተካከል ጀመረ።

ጀግንነት አልመሰለኝም።

ዓርብ 7። የሻይ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ስፌት መስመር ላይ ስልክ አይፈቀድም፤ ሎከር ውስጥ ይቆለፋል። ጠዋቱን ሙሉ የሚጠራ ይመስለኛል። ማሽኑ ሲያቆም ጆሮዬ ውስጥ ይጠራል። ወደቀች፣ አነቃት፣ ጠፋች። ሮጬ ከፈትኩት። ማንም አልደወለም። ያም አስፈራኝ።

ዛሬ ጠዋት ሲስተር ሀዋን ትንሽ ልግባና ልያት ብዬ ለመንኳት። ወላጅ ሲገባ ልጆቹ ይረበሻሉ አለችኝ፣ በፈገግታ። ስመዘግባት ይህንኑ ብላኝ ነበር፤ ያኔ ሥርዓት መስሎኝ ነበር። በላች ወይ? በላች። ተጫወተች ወይ? ተጫወተች። ከማን ጋር ስላት በሩን ዘጋችው።

እሁድ 9። ረፋድ

ደብተሬ፣ ይህን ለማን እንደምነግር አላውቅም።

እህቴ ደውላ ያስቀኛል። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሰሚራ ከጥግ ሮጣ መጣችና ጭኔ ላይ ወጥታ በትንሿ መዳፏ አፌን ከደነችው። «እማ፣ ዝም። ይሰማል።»

ማን ነው የሚሰማው? ዝም። ማን፣ የኔ ቆንጆ? ጣቷን ወደ ጓዳው በር ቀሰረች። ከዚያ ሁለት እጇን የራሷ አፍ ላይ አደረገች።

ገላዋን በሙሉ አየሁ። ጀርባዋን፣ ብብቷን፣ ጭኗን። ከረቡዕ እብጠት ሌላ ምንም የለም። ያ አላህ፣ ሰንበር ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እንድሪስ የልጅ ጨዋታ ነው ይላል። እኔ ጓዳ ገብቼ ጨው ለማውጣት ፈራሁ፣ በቀን ብርሃን፣ በገዛ ቤቴ።

ማክሰኞ 11። ከሰዓት 10

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ 7 ሰዓት ላይ ለቀቁን። በሚኒባስ ወጣሁ። የማቆያው የግቢ በር ተከፍቷል፤ ውኃ የሚያመላልሰው ሰውዬ ጀሪካን ያወርዳል። ማንም አላየኝም። ገባሁ።

አሥራ አራቱም ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ዓይናቸው ግን ፍጥጥ ብሏል። ከዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ በር ጀርባ የሆነ ነገር ይቧጭራል፤ ያጉረመርማል። የማቆያው ረዳት ናት፤ ቀሚሷ በበሩ ሥር ይታያል። ሲስተር ሀዋ መሐላቸው ቆማ፣ በቀስታ፣ በዚያ ቅጹን ባስሞላችኝ ድምፅ ትናገራለች። «አያ ጅቦ ማን ነው ያወራው ይለኛል። ሰሚራ ናት ልበለው?»

የኔ ልጅ ሁለት እጇ አፏ ላይ ነበር።

አነሳኋት። ከበደችኝ፤ ገላዋ ድርቅ ብሏል። ሲስተር ሀዋ ደነገጠች፣ ግን አላፈረችም። ያላፈረችው ነው የሚያስፈራኝ። አብሽሪ፣ እኛ እጃችንን አናነሳባቸውም፣ እንደሌላው ቤት አይደለንም አለችኝ። አንዱን በመርፌ፣ አንዱን በውሻ፣ ሁሉንም በየራሱ ነው የምንይዘው። ያንቺን ደግሞ አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽልን?

በገዛ እጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ 13። ከሰዓት

ከሥራ ከቀረሁ ሁለተኛ ቀን። የመስመር ተቆጣጣሪዋ ቁርጡን ነገረችኝ፤ እስከ ሰኞ ትታገሰኛለች፣ ሰኞ ካረፈድኩ ማሽኔ ላይ ሌላ ሰው ትቀመጣለች። አልፈርድባትም።

ወረዳ ሄጄ አመለከትኩ፤ ጻፉት፣ መጥተው እንደሚያዩ ነገሩኝ። ማቆያው በር ላይ ለሁለት እናቶች ነገርኩ። አንዷ እዚያው ልጇን ይዛ ሄደች። ሌላዋ ተቆጣችኝ፤ ልጄን ጨዋ አድርገውልኛል፣ አንቺ ምን አገባሽ። እኔም እኮ እንደ እሷ ነበርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እንድሪስ ደግሞ፣ እኛስ በአያ ጅቦ አይደል ያደግነው አለኝ። ታዲያ ለምንድን ነው፣ አልኩት፣ እስከ ዛሬ ሲመሽ ሽንት ቤት ስትሄድ ባትሪ አስይዘህ በር ላይ የምታቆመኝ? ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ሰሚራን አያት። ተነሥቶ መፍቻውን አመጣና የጓዳውን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ ግቢ አስደገፈው። ተሸክሟት ገባ፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት እያለ አንድ በአንድ አስነካት። ሽንኩርቱን ያዘች። አልተናገረችም።

ወላሂ ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ።

ቅዳሜ 15። 9 ሰዓት

እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድን። ሌላ ምርጫ የለኝም። ሸሽቼው የነበረው ጩኸት እንዳለ አለ። ሰባት ልጆች፣ እሳቸውና ልጃቸው። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ውጪ አላለኝም። አንዱ ሌላውን ነከሰው። እትዬ መሐላቸው ቁጭ ብለው የተነከሰውን አቀፉ፣ የነከሰውንም እጁን ያዙት። የምታለቅሰዋን በነጠላቸው አዝለው ሽሮ ያበላሉ። ወለሉ ያው ነው። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። የሚፈልግ ወላጅ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ በሩ ቢዘጋ በአጥር ዝለይ አሉኝ።

ከዚያ ጠየቁኝ። የምትፈራው ነገር አለ?

ምንም አልኳቸው። ምንም አትፈራም።

«የማይፈራ ልጅ አይቼ አላውቅም። እናትም አላየሁ» አሉኝ። አልጨቀጨቁኝም፤ ሽሯቸውን ማብላት ቀጠሉ።

ሰሚራ ድስት የሚደበድበውን ልጅ ስታይ ዋለች። ማንም ዝም በል ሳይለው ሲቀር ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ በሩ ታያለች።

ሰኞ 17። ጠዋት 12፡35፣ ሰርቪስ ውስጥ

አለቀሰች! አልሃምዱሊላህ፣ አለቀሰች!

በሩ ላይ እጇን ስለቅ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ከዚያ ከውስጥ አንዱ ጮኸ፣ ማንም ምንም አላለውም፣ እሷም ለቀቀችው። እማዬ ብላ፣ ቧንቧ ውሃ በሙሉ እስኪሰማ። እትዬ ወገባቸው ላይ አወጧት። «አልቅሽ የኔ እናት፣ አልቅሽ፣ ሰው ይስማ።» ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ፤ ሮጥኩ፤ እኔም እያለቀስኩ።

አሁን ከዴሴ እየወጣን ነው። እና ፍርሃቱ መጣ። እትዬ አያውቁም። እኔ ነኝ ምንም ያልኳቸው። ይህች ቃል እኮ በማንም አፍ ላይ በጨዋታ ትመጣለች፤ በእሳቸው፣ በልጃቸው፣ ደጃፍ በሚያልፍ ጎረቤት። ብላ፣ አያ ጅቦ እንዳይቀድምህ። በፍቅር ትባላለች። ሰሚራ ከሰማቻት ያ አፍ ተመልሶ ይዘጋል።

ደወልኩ። አያነሱም። ደግሜ። አያነሱም፤ በአንድ እጃቸው እሷን፣ በሌላው ድስቱን ይዘው ይሆናል።

ትንሽ ቆይቶ ጠመዝማዛው ይጀምራል። ከዚያ ስልኬ ሎከር ውስጥ እስከ ምሳ። ከወረድኩ አረፍዳለሁ። ካረፈድኩ ተቆጣጣሪዋ ያለችውን ታደርጋለች።

ያችን ቃል አንድ ጊዜ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ምን እንደሠሩባት አይቻለሁ። ደግሜ ለሰው ልስጥ? ለእኚህ ሴትዮ? ሽሮው ወለል ላይ፣ በሩ ክፍት፣ አልቅሽ ያሏት።

እሰጣቸዋለሁ። በጆሯቸው፣ በራሴ አፍ።

ልወርድ ነው። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሏል፣ ግማሹ ተኝቷል፤ ቢነቃም ይንቃ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ ወራጅ አለ!