ሁለት ወንበር ያለው ብስክሌት

ቅዳሜ

ዛሬም ወደቅን። እዚህ አሜሪካ፣ ስኔልቪል፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ። የእኔ ጉልበት ተላጠ፣ የልጄ የሚኪ ክርን። ብስክሌቱ ምንም አልሆነም። የተከራየነው ስለሆነ ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

ታንደም ይሉታል። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መሪ። የእኔ መሪ አይዞርም፣ ለመያዣ ብቻ ነው። ፔዳሎቹ በሰንሰለት ስለተያያዙ ሚኪ ከፊት ሲረግጥ የእኔም እግር ሳላዘው ይሄዳል። ስፈራ ግን ድርቅ ብዬ አቆማለሁ፣ ያን ጊዜ የእሱም ይቆማል። እንደዚያ ነው የወደቅነው።

«እማዬ፣ ዶንት ስቶፕ! ላይክ፣ ዝም ብለሽ እርገጪ።»

«ከፊቴ ምን እንዳለ ሳላይ?»

«እኔ አያለሁ አይደል?»

እሱ ያያል። እኔ የማየው ጀርባውን ነው።

የምንለማመድለትን ጉዞ የያዘችው ልጄ ብሌን ነበረች። ሳትታመም በፊት። እንግሊዝ አገር፣ ገጠር ውስጥ፣ ከአንዱ ጥንታዊ መንደር ወደ ሌላው ቀስ እያሉ በብስክሌት የሚዞሩበት ነው ብላ ለእኔና ለራሷ ቡክ አደረገች። «አንቺ መንዳት ስለማትችዪ ከኋላ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ታመመች። በክረምቱ ቀበርናት። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ሚኪ ከሥራ መጣና «ያ ትሪፕ፣ ስሙን ወደ እኔ አስቀይሬዋለሁ፣ እንሄዳለን» አለኝ።

የማን ስም እንደተቀየረ አልተናገረም። ከቀብሯ ወዲህ አንድ ቀን ስሟን አልጠራም። ለቅሶ ላይም አላለቀሰም። ሰዉን መኪና ፓርክ ሲያስደርግ፣ ውሃ ሲያድል ዋለ። «ጠንካራ ልጅ አለሽ» አሉኝ። እኔ ጥንካሬ አይመስለኝም። አንዷን ቀብሬ ሌላውን በቁሙ እንዳላጣው ነው የምፈራው። የምሄደውም ለዚህ ነው። ብስክሌት አምሮኝ አይደለም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ያዙኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ለእሳቸው መልስ መስጠት ይከብደኛል።

«የልጅሽ ዓመት ሳይሞላ ሽርሽር ልትሄጂ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሽርሽር አይደለም እትዬ። ልጄ የጀመረችው ነገር ነው።»

«በብስክሌት?»

«በብስክሌት።»

«በዚህ በጥቁር ልብስሽ?»

«አልቀየርኩም፣ እንደለበስኩት ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በይ እንግዲህ ቀሚስሽን ጎማው እንዳይበላው» ብለውኝ ሄዱ። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልገባኝም።

ማታ ሻንጣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ጥቁር ሱሪ፣ ነጠላ፣ የጉልበት ቅባት። ጃንጥላ ከተትኩ፣ ሚኪ አወጣው። መልሼ ከተትኩት። መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጠብኩ።

ሰኞ

አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት፣ የምሠራበት የአረጋውያን ናርሲንግ ሆም ኩሽና ውስጥ ሱፐርቫይዘሬ «ቬኬሽን የት ነው?» ስትለኝ ብስክሌት ልነዳ ነው ብላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ሚኪ ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጓል። አንድ ጊዜ ሲያወልቀው ጠብቄ «ብሌን መስኮት ዳር ትወድ ነበር» አልኩት።

«ውሃ ልጥራልሽ?» አለኝ።

ውሃው መጣ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ

ደረስን። በባቡር፣ ከዚያ በቫን። መንደሩ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ የማር ቀለም ያለው ድንጋይ። አንዳንዱ ቤት የሣር ክዳን ነው። ለባለቤቱ አዘንኩና «ቆርቆሮ ቸገራቸው?» ብዬ ሚኪን ጠየቅኩት። የሚመራን ሰውዬ ኮሊን ይባላል፣ ቀጭን፣ በብርድ ቁምጣ የሚለብስ። ሚኪ ሲተረጉምለት፣ የሣር ቤት እዚህ የሀብታም ነው አለ። ሣሩን የሚከድን ሰው ለማግኘት ወረፋ አለው አለ። እኛ እንግዲህ ከሀብት ነበር የሸሸነው።

ከእኛ ሌላ ባልና ሚስት አሉ፣ ሁለቱም ጡረተኞች። ኮሊን ለሁላችንም ሄልሜት ሰጠን። በሻሼ ላይ ሳጠልቀው እንጉዳይ መሰልኩ። «ሻሹን አውልቂው እማዬ፣ አይጠብቅም።» አላወልቅም አልኩ። ኮሊን ማሰሪያውን አላላልኝ። «ኖ ራሽ» አለ፣ አትቸኩዪ ማለቱ ነው። ለሁሉ ነገር መልሱ ይሄው ነው።

ረቡዕ

ነዳን! አልወደቅንም። መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ፣ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦ የታጠረ ነው። በግራ ነው የሚነዱት። መኪና በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ማየት የእኔ ሥራ ስላልሆነ። ቁልቁለቱን ወድጄዋለሁ። ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ አልነግርም።

ችግሩ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። መንደር በተባለ ሁሉ አንድ አለ፣ የድንጋይ፣ ግቢው መቃብር። እኔ ደግሞ ሳልሳለም ማለፍ አልችልም። ከልጅነቴ አልፌ አላውቅም። በመኪናም ሲሆን ቢያንስ ጎንበስ እላለሁ፣ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ስል ግን ሁለታችንም እንወላገዳለን። ስለዚህ «አቁም» እላለሁ፣ ሁለታችንም እንወርዳለን፣ በሩን ስሜ ለብሌን ነፍስ ጸሎት አድርጌ እመለሳለሁ። ባልና ሚስቱ ርቀው ሄደው ይጠብቁናል።

ከሰዓት በኋላ ሚኪ መረረው።

«እማዬ፣ የእኛ ቸርች እንኳን አይደለም።»

«ቤቱ የእግዚአብሔር ነው።»

«ስንት አለ መሰለሽ? እዚህ አገር ላይክ፣ እንደ ጋዝ ስቴሽን ነው።»

«ታዲያ ለእህትህ ብጸልይ ምን አለበት?»

ብስክሌቱ ላይ ወጣ። እስከ ማደሪያው ድረስ ፔዳሉን አጠንክሮ ረገጠ። የእኔም እግር አብሮ ይበር ነበር። ጀርባውን ሳይ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ አጥንቱ ይታያል። ከስቷል ልጄ። እዚያ ብስክሌት ላይ ነው ያየሁት።

ጾም ነው። ሻይ ያለ ወተት ስጠይቅ ኮሊን ታማ ነው ብሎ ለሚኪ ነገረው።

ሐሙስ

ጠዋት ሚኪ ኩርፊያው አልለቀቀውም። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ሦስተኛው ትንሽ ነበር፣ ከመንገድ ገባ ያለ፣ ግቢው መቃብር፣ መስኮቱ ጫፉ ሹል፣ ደወልም አለው። ወረድኩ። በሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሳምኩት፣ ግንባሬን አስደገፍኩ፣ ጸሎቴን ጀመርኩ።

በሩ ተከፈተ።

ነጭ ረጅም ልብስ የለበሰ ሽማግሌ። ቄሱ ናቸው ብዬ ደነገጥኩ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ መስቀል ያሳልሙኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጠበቅኩ። መስቀሉ አልመጣም። ቀና ስል በእጁ የያዘው የጥርስ ብሩሽ ነው። ነጩም ልብስ ከሻወር የወጣ ሰው የሚለብሰው ጋዋን ነው። ከኋላው ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ አንድ ወፍራም ድመት።

ለካ ቤተ ክርስቲያኑን ገዝተው ቤት አድርገውታል! ሰው ይኖርበታል! እኔ የሰውዬውን በር ነው የሳምኩት።

«ካን አይ ሄልፕ ዩ?» አለ።

የመጣልኝን «ጋድ ብለስ ዩ» አልኩት። ግራ ገብቶት ብሩሹን ወደ ግራ እጁ አዞረና ጨበጠኝ።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሚኪ ነው። ብስክሌቱ ሣሩ ላይ ወድቋል፣ እሱም አጠገቡ። መጀመሪያ የተመታ መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቀ ነበር። ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«ብሩሹን... እማዬ፣ ብሩሹን ልትስሚ ነበር! ኦ ማይ ጋድ! ብሌን ይህን ብታይ!»

ጠራት። ስሟን ጠራ።

ሁለታችንም ሰማነው። ሳቁ ቆመ። ብድግ ይላል፣ ይሄዳል ብዬ ነበር፣ አልተነሳም። አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ነግራኝ ነበር» አለኝ ሣሩን እየነጨ። «ቡክ ያደረገች ቀን። ‹እማዬ በየቸርቹ ታስወርደኛለች፣ ሁለት ማይል ሙሉ ቀን ሊፈጅብን ነው› አለች። ‹ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚሄደውን የመረጥኩት› አለች።»

ስለ ልጄ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልሰማም ብዬ ነበር። ያለኝን ብቻ እየደጋገምኩ የምኖር መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ዘንድ አለ። ስንት ይሆን ያለው? ሌላም ንገረኝ ልለው ፈለግኩ፣ አፌን ያዝኩት።

ዓርብ ጠዋት

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ዝናብ አለ፣ ጃንጥላዬን ማንም ከሻንጣው አያወጣውም። ቁርስ ላይ እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ዳቦዬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሚኪ እንቁላል ያዘ። ኮሊን የዛሬው መንገድ ዳገት አለበት ሲል ሚኪ «ማይ ሲስተር ሄትስ ሂልስ» አለው።

እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፣ ይህቺን ግን ለይቻለሁ። እህቴ ዳገት ትጠላለች ነው ያለው። ትጠላ ነበር አላለም።

ኮሊን አያውቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ይዛችኋት ኑ አለ፣ ለእሷ የሚሆን ሜዳ መንገድ አለኝ አለ። ሚኪ ወደ እኔ አየ። እኔ ላርመው አልቻልኩም። እሱም አላረመውም። «ሹር» አለና እንቁላሉን ትቶ ወጣ።

ክፍሌ ገብቼ በመስኮት አየዋለሁ። ዝናቡ ውስጥ ብስክሌቱን ደግፎ ቆሟል። ጎማ ሊነፋ ጎንበስ አለ፣ ፓምፑ ግን በእጁ የለም። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ትከሻው ይንቀሳቀሳል።

ብቻውን ልተወው? ወይስ ልውረድ? ሰው አየኝ ብሎ ለቅሶውን መልሶ ቢዘጋውስ?

ጃንጥላውን ይዣለሁ። እየወረድኩ ነው።