በሲሚንቶው ላይ ሰኞ ማክሰኞ

ውድ ደሱዬ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ካለህበት አንጻር ጥያቄው ትንሽ ስለዘገየ ተውኩት። ከተለያየን ወዲህ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ተከብሯል። የመጀመሪያውን ቤቴ ተቀምጬ ሆታውን በሩቁ ሰማሁት። የዘንድሮውን ግን ሄጄ፣ ከሕዝቡ መሀል ቆሜ አየሁ፤ እግሬም አላርፍ ብሎኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ሰው እንዳይጨነቅ የሚባለውን ዓይነት ደህና ማለቴ አይደለም፤ የእውነት ደህና ነኝ። ይኸው ደህንነቴ ደግሞ ከዚህ ቤት ሊያስነቅለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ቤዛ አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ልትወስደኝ፣ ይህንንም ቤት ልታከራየው ቆርጣ መጥታ ነበር። ምክንያቱም እናትሽ በሐዘን ብዛት አእምሮዋ ተነካ ብለው ነገሯት። ማን ነገራት? ለምን? ቀስ ብዬ ልንገርህ፤ አንተ እንደሆንክ ከእንግዲህ የምትቸኩልበት ጉዳይ የለህም።

ቤቱ ያው ነው። ሰርቪሱን ሁለት ሴት ልጆች ላሏት ነርስ አከራየሁት። አቮካዶው ዘንድሮ አብዝቶ ስላፈራ ጎረቤት ሁሉ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል፤ በፌስታል እንዳላሸክመው። መኪና ስንገዛ ማቆሚያ ይሆናል ብለህ ያስደፈንከው የግቢው ሲሚንቶም አሁን ድረስ መኪናውን እየጠበቀ ነው።

የሐዋሳን ልጅ ሁሉ ስታስሮጥ የኖርክ የስፖርት መምህር ነበርክ፤ ከገዛ ሚስትህ ጋር ግን አልሆነልህም። የተጋባን ሰሞን ታቦር ተራራ ልታስወጣኝ የወሰድከኝ ትዝ ይልሃል? ግማሽ ላይ ስደርስ ጥላ ያለው ድንጋይ አየሁና ከቦርሳዬ መጽሐፍ አወጣሁ። አንተ እየሮጥክ ወጥተህ፣ እየሮጥክ ወርደህ፣ ላብህን እየጠረግህ ስትመጣ እኔ ምዕራፉን ጨርሼ ነበር። "አንቺ እኮ ከተራራው ይልቅ ትከብጃለሽ፤ ከቦታሽ አትነቃነቂም" አልከኝ። ስንት ዓመት ሙሉ "ተነሺ፣ ላብ ይውጣሽ፣ ደስ ይልሻል" ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ ደስታና ላብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን አገናኛቸው እያልኩ ገጽ እገልጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ስፖርተኛው ቀድሞ ሄደ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታነበው ቀረች። ለቅሶ ላይ ይህን ያላሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ጨዋዎች ሆነው ነው እንጂ።

ከዚያ የማላውቀውን ነገር ተማርኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ኪሎ የመንደር ንብረት ነው። ስከሳ "ወይኔ፣ ሐዘኑ እኮ በላት" ይባልና ገንፎ በገንፎ ላይ ይመጣልኛል። ገንፎውን በልቼ ሳገግም ደግሞ "አሁንስ ፊቷ ወዛ ብሏል፤ ቶሎ ረሳችው መሰለኝ" ይባላል። አንድ ሰሞን ወፍሬም ከስቼም በአንድ ሳምንት ውስጥ ታምቻለሁ፤ ሚዛን ቢጠየቅ ግን አንዱንም አልሆንኩም ነበር።

ቤዛ በበኩሏ ሐኪሙ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት የነገረኝን ሰምታ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ጂም አስመዘገበችኝ። አንድ ጡንቻው ከሸሚዙ ሊወጣ የደረሰ ወጣት በየቀኑ ሚዛን ላይ አቆመኝ። "ማዘር፣ በርቱ! ይቺ ቦርጭ ትቀልጣለች!" ይለኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ ቦርጬን ለማቅለጥ ስለመምጣቴ ከእሱ ነው የሰማሁት። መሮጫው ማሽን ላይ ረጅም ሰዓት ከተራመድኩ በኋላ ስወርድ እዚያው የተነሳሁበት ቦታ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ጉዞ በመጻሕፍትም አላነበብኩም። ተውኩት።

ቀጥሎ በሐይቁ ዳር መራመድ ጀመርኩ። እሱስ ደስ ይላል፤ ችግሩ መንገዱ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ላይ ማለቁ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ሽማግሌዎች ቆመው ዓሣ ሲጠብቁ ሳያቸው እኔም አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጥብሱን በልቼ በባጃጅ እመለሳለሁ። እግዜር ያሳይህ፣ ይህም ስፖርት ነው።

ነገሩ የተቀየረው እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት በማለዳ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። የነርሷ ልጆች ያንን መኪና አልባ ሲሚንቶህን ማታውን በከሰል ሰኞ ማክሰኞ አሥምረውበት አድረዋል። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ እንኳ የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። የልብሱን ሳፋ አስቀመጥኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ቀሚሴን ሰበሰብኩና ድንጋይዋን ወረወርኩ።

ደሱ፣ እግር አይረሳም! ጭንቅላቴ ትናንት ያነበብኩትን ይረሳል፤ እግሬ ግን ከልጅነቴ የቆየውን የዝላይ ሥርዓት አልሳተም። ዞሬ ስመለስ ቁና ቁና እተነፍስ ነበር፤ ልቤም ይደልቃል። ልቤ እንዲያ ሲመታ ከዚያ በፊት የሰማሁት ሐኪም ቤት፣ ካንተ አልጋ አጠገብ ነው። ያን ጊዜ በፍርሃት ነበር። አሁን ግን የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ጉዳዩ ድንጋይዋ መስመር ነካች ወይስ አልነካችም ብቻ ነው። ነክታለች አልኩ ለራሴ። አልነካችም ብዬ ተከራከርኩ። ከዚያም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እዘላለሁ። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስደርስ ተማሪዎቹን እንደ ድሮው የማልቆጣው ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

አንድ ሰው ግን አይቶኝ ኖሯል። ጎረቤታችን ዳንጊሴ። ከማለዳ ጸሎት ስትመለስ በበሩ ስንጥቅ ምን አየች? ሐዘንተኛዋ ጽጌ በንጋት፣ ብቻዋን፣ ቀሚሷን ሰብስባ በአንድ እግሯ ትዘላለች፤ ከራሷ ጋር ትከራከራለች፤ ከዚያ ትስቃለች። እውነቱን እንነጋገር፣ አንተስ ብታይ ምን ትል ነበር?

ዳንጊሴ መጀመሪያ ጸለየችልኝ። ቀጥላ ለቤዛ ደወለች። ከዚያ ዕድሩን ይዛብኝ መጣች።

ጋሽ ተክሌ፣ ያው እስከ ዛሬም የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፣ ካንተ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን እያሹ አጠገባቸው። ዳንጊሴ በሩ ጋ፣ ማምለጫ እንዳላገኝ መሰለኝ። ከዚያ ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ ሐዘን እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ተስተናግዶ ይሸኛል" አሉ። እኔ ስለ ዕድሩ ዕቃ የመጡ መስሎኝ "ድንኳኑ ተቀደደ እንዴ?" አልኳቸው። ሦስቱም ተያዩ። ጉዳዩ ካሰቡት በላይ ገፍቷል ማለት ነው።

ዳንጊሴ አልቻለችም። "ጽጌ፣ እህቴ፣ አትደብቂን። በዓይኔ አይቼሻለሁ እኮ! በአንድ እግርሽ!" አለች። እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡ። "በአንድ እግሯ?" "አዎ፣ በአንድ እግሯ፤ ደግሞ ትስቃለች!" ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ወንበሩን ይዤ እስክንበረከክ ሳቅኩ። ለምርመራው ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ ሊገኝ አይችልም።

መናገር ስላቃተኝ እጃቸውን ይዤ ወደ ግቢ አወጣኋቸውና ሥዕሉን አሳየኋቸው። ዳንጊሴ ወገቧን ይዛ ስታየው፣ ስታየው ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ግን ስህተት ነው" አለች። "ማነው እንዲህ ያሠመረው? እኛ በልጅነታችን አለታ ወንዶ ስንጫወት ጫፉ ክብ ነው።" ከሰሉን ከመሬት አንስታ ጫፉን አከበበችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ታጥቃ ዘለለች። ያች ግዙፍ ሴት፣ ደሱ፣ እንደ ላባ! ጫፍ ላይ ስታርፍ "ጌታ ይባረክ!" አለች።

"መስመር ረግጠሻል" አልኳት።

"ማ? እኔ?"

"ተረከዝሽን እዪው፣ ከሰል አለበት።"

"ከሰሉ የቅድሙ ነው! ጋሽ ተክሌ፣ ይፍረዱ እንጂ!"

ጋሽ ተክሌ ሰው ተሰብስቦ ሊቀ መንበር ሲያጣ ማየት አይሆንላቸውም። ወንበር አስመጡና ዳኛ ሆኑ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ለእሳቸው ሁለት እግር ተፈቀደ፤ ድንጋይዋንም በከዘራ ይገፏታል። ይህ ውሳኔ እስካሁን ያወዛግባል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሆን ተስማማን። ዳንጊሴ ግን ደውላ ያስደነገጠቻትን ቤዛን መልሳ ደውላ ማረጋጋት እንዳለባት ረሳች።

ቤዛ የመጣችው እንግዲህ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ባዶ ሻንጣ እየጎተተች፣ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን የሚያጽናና ፊት ይዛ በሩን ከፈተች። ያየችው ግን አሮጊቶች ተሰብስበው ሲጯጯሁ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር እጃቸውን አንስተው "ጸጥታ!" ሲሉ፣ እናቷም በአንድ እግሯ ቆማ ስትወዛወዝ ነው። ዳንጊሴ ዞር ብላ "ቤዚዬ! እንኳን መጣሽ። ቆይ አንዴ፣ እናትሽ እያጭበረበረች ነው" አለቻት።

ምሳ በልተን ሁሉም ሲበተን ማዕድ ቤት ሁለታችን ቀረን። ቤዛ ሳህን እያደረቀች፣ ልክ ያንተን ድምፅ አውጥታ "እማዬ፣ ኪሎ ለመቀነስ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። እንዲያውም አንድ ጨምሬያለሁ።"

"ታዲያ ምን ይጠቅምሻል?"

እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የምጠቁም ሴት፣ ለዚህ መደርደሪያ አጣሁ። እንዲህ ብቻ አልኳት፦ "አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል። ቀስ ብለው ያወሩኛል፤ የምናገረውን ሁሉ እሺ ይሉኛል። ከእንቁላል ጋር እንደሚያወራ ሰው። 'ተሳስተሻል፣ ዝም በይ' የሚለኝ ሰው አባትሽ ነበር፤ እሱ ሄደ። ዳንጊሴ ግን መስመር ረገጥሽ ብላ ትጮህብኛለች። እኔም እጮህባታለሁ። ያን ቀን እንቅልፌን እተኛለሁ።"

ቤዛ ሳህኑን ደጋግማ አደረቀችው። "እኔም እኮ አይዞሽና ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ ከማለት በቀር ያልኩሽ የለም" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ያንተ ልጅ ናትና በቀላሉ አልተረታችም። "በረንዳዬ ላይም ማሥመር ይቻላል" አለችኝ። "ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎችስ?" አልኳት። ሳቀች። ጫማዋን አወለቀች። "ነይ እስቲ፣ አሳዪኝ።"

ፀሐይዋ ከሲሚንቶው ላይ እስክትለቅ ተጫወትን። አሸነፍኳት። ድገሚ አለችኝ፤ ድጋሚ አሸነፍኳት። በልጅነቷ አንተ ሆን ብለህ ትሸነፍላት ነበር፤ እኔ እንዲህ ያለ ልማድ የለኝም። በማግስቱ ስትሄድ ስለ ቤቱ ማከራየት ቃል አልተነፈሰችም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አቅፋኝ ስትለቀኝ፣ እንደለመደችው አይዞሽ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጆሮዬ ስር "መስመር ግን ትረግጫለሽ" ብላኝ ወደ አውቶቡሱ ገባች። ደሱዬ፣ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ወያላ ጩኸት መሀል፣ ከደስታ ብዛት የማደርገውን አጣሁ።

እንግዲህ ልክ ነበርክ። ይህን በሕይወት ሳለህ ብነግርህ ኖሮ አትቻልም ነበር፤ አሁን ስለማትኩራራብኝ በሙሉ ልቤ እነግርሃለሁ። ላብና ደስታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባሉ። አንተ በተራራ ፈለግህልኝ፤ እኔ መኪና ባልቆመበት ሲሚንቶ ላይ አገኘሁት። ወደ አንተ ለመምጣት ግን ስለማልቸኩል አትቀየመኝ፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለብን።

አልረሳህም። እስካሁን የማስብህ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሰው እንደሚጠብቅብኝ ሆኜ ነበር። ከእንግዲህ ላብ በላብ ሆኜ አስብሃለሁ፤ እየጮህኩ፣ እየተከራከርኩ፣ ብዙውንም ጊዜ በአንድ እግሬ ቆሜ።

ያንተው ጽጌ