የቡሬ ጥጃና የግራ እጄ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1988፣ አሰብ

ሞተች። ላማችን ቡሬ ዛሬ ጠዋት ሞተች። እንደተናገርኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው። የምትጽፈው ልጄ አበራሽ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ሠላሳ ዓመት መርከብ ያራገፍኩት በፊደል አይደለም።

ላሚቱ የሚስቴ የዘነበች ናት። ዘነበች ለወንድሟ ለቅሶ ኮምቦልቻ ሄዳለች፣ እሑድ ትመለሳለች። ያን ጊዜ አፌ አይከፈትልኝም፤ ይሄ ይነበብላት።

የዘጠኝ ቀን ጥጃ ትታ ነው የሞተችው። ሴት ናት። ደግነቱ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ ጠጥታለች። ላሚቱ በምን ሞተች ቢሉ የእግዜር ሥራ ነው። እንደዛ ብለሽ ጻፊ።

ማክሰኞ

አትጠጣም። በባልዲ ሰጠኋት፣ እንቢ። በሕፃን ጡጦ፣ እንቢ። ጨርቅ ነክሬ አፏ ውስጥ ከተትኩ፣ ተፋችው። በግድ ያጋትኳት የዱቄት ወተት ደግሞ አስቀመጣት። ቀኑን ሙሉ እናቷ የታሰረችበትን ችካል ስትልስ ዋለች። ችካል ወተት የለውም፣ ማን ይንገራት።

ጎረቤታችን ፋጡማ አጥሩ ላይ መጥታ አየችን። አፋር ናት፣ ፍየል ታረባለች። ረመዳን ነው፤ ልጆቿ የሚያፈጥሩበትን የፍየል ወተት ቀንሳ አመጣችልኝ። ወተቱን ከነስድቡ ነው የሰጠችኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ መርከብ ታውቃለህ እንጂ ከብት አታውቅም።"

እሷ ሳትወለድ እኔ ወሎ ከከብት ጋር አድጌያለሁ አልኳት። ታዲያ ጣትህን አጥባት፣ አለችኝና ሄደች።

ረቡዕ

የቀኝ ጣቴን ሰጠኋት። ሸካራ ነው፣ ገመድ የላጠው ቆዳ ነው፣ ሸሸችው። የአበራሽን ነክሳ ተፋች። ፋጡማም ሞከረች፣ የእሷንም አልፈለገችም። ከሰዓት በኋላ እግሯ ከዳት። አቅፌ አነሣኋት፣ ከግራ እጄ ላይ ሁልጊዜ የምሸፍንበት ፎጣ ወደቀ። በአፏ ስትዳብስ የተቆረጠውን ጣቴን ጉማጅ አገኘችው። ያዘችው። መጥባት ጀመረች።

ይሄን ልናገር። ግራ እጄ ሦስት ጣት የለውም። ጎረምሳ ሳለሁ የመርከብ ክሬን ሰንሰለት ቆርጦ አስቀረው። የመሐል ጣቴ ጉማጅ ጥፍር የለውም፣ ለስላሳ ነው፣ የላም ጡት ያክላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፎጣ ሸፍኜ ነው የምሄደው። ገላዬን ስታጠብም ሰው አያየውም።

እጄን ከነአፏ ወደ ባልዲው ዝቅ አደረግኩት። አንድ ጣሳ ጠጣች።

ሐሙስ

ጠዋት ጠጣች። ቀትር ላይ ጠጣች። ማታ ደገመች።

ፋጡማ አጥሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት። "ምን ትዞራለህ፣ አይቻለሁ" አለች። "አላህ ጡት ሰጥቶህ ሠላሳ ዓመት ደበቅከው።" ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ወተቱን ግን ተቀበልኩ።

ዓርብ

አበራሽ አልጽፍም አለች። "አባዬ፣ የሰኞው ውሸት ነው። ውሸት ለእማዬ አላነብም።" ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።

እሺ። ጻፊ።

ላሚቱን የገደልኳት እኔ ነኝ። ከወደቡ ስንዴ የሚጭኑት ሾፌሮች ያውቁኛል፣ የተሳቢያቸውን ወለል እጠርጋለሁ፣ የፈሰሰውን ስንዴ ለቡሬ አመጣለሁ። ከስንዴው ጋር የተቀደደው የማዳበሪያ ከረጢት፣ የፕላስቲክ ክሩ ሁሉ ይመጣል። ክሩን ልቀም ብላኝ ነበር ፋጡማ፣ አምና። የእኔ ላም እንዳንቺ ፍየል መራጭ አይደለችም አልኳት። ሰኞ ሆዷን ስከፍተው የክር ልቃቂት ጨጓራዋን ሞልቶታል። ጭንቅላት ያክላል። አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት፣ ማንም እንዳያየው። አበራሽ ግን አይታኝ ኖሯል።

ቅዳሜ

የጥጃዋ ተቅማጥ ቆመ። አንዴ ዘለለች፣ ወደቀች፣ ተነሣች። ሌላ የሚጻፍ የለም። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እሑድ

ዘነበች ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ጋቢና መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አበራሽ ከሰኞ ጀምራ አነበበችላት። እኔ በር ላይ ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ስትጨርስ ዘነበች ወደ እኔ ዞረች።

"ወንድሜን ቀብሬ ብመጣ ላሜን ቀብረህ ጠበቅከኝ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጥጃዋ ሄዳ ጣቷን ሰጠቻት። ጥጃዋ አሸተተችና ትታት መጥታ ፎጣዬን በአፍንጫዋ ገፋች። የወተት ሰዓቷ ደርሷል። ምን ላድርግ። ፎጣውን ጣልኩና እጄን ሰጠኋት። ዘነበች አየች። ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ያላየችውን አየች።

"ለእኔ ያልዘረጋኸውን እጅ ለጥጃ ዘረጋኸው" አለችኝ።

እሷ ባልዲውን ያዘች፣ ጥጃዋ እስክትጨርስ አልለቀቀችውም። ከዚያ ባልዲውን አስቀምጣ ገባች።

ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥጃዋ ትጠጣለች። ዘነበች ወጥታ ባልዲውን ትያዝ አትያዝ አላውቅም። ፎጣው ችካሉ ሥር ወድቋል። አላነሣሁትም።