ሶፍት ላይ የቀረው ጥላ

ጥር 3
ሰባተኛ ሳምንቴ። ንቅሳት ቤቱን ጠረግኩ፣ ወንበሮቹን በአልኮል ወለወልኩ፣ ከዚያ ወደ ታላቁ ጥበብ... እንቁላል። ዳኛው አዟል። (አሠሪዬም አስተማሪዬም ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገር ፍርድ ነው።) የመለማመጃ ላስቲክ ላይ እንቁላል ነቅሼ ጥላ እሰጣታለሁ። ከአንድ ጎን ጥቁር፣ እየሳሳ ግራጫ፣ እየሳሳ ምንም። ድቡልቡል መስላ ከታየች የሰው ቆዳ ይፈቀድልኛል። መጣ፣ አየ፣ "ድንች" ብሎ ሄደ።

ጥር 5
ድንች።

ጥር 6
እናቴ ንቅሳት የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ለጎረቤት "መርፌ ነው የምትሠራው" ብላለች። ጎረቤቲቱ ዛሬ ደጅ ላይ አስቁማ ስለ ወገቧ አማከረችኝ። ምን ልበል? ከባድ ነገር አታንሺ አልኳት። መረቀችኝ።

ጥር 9
ታላቅ እህቴ ደወለች። በወሩ መጨረሻ ለሥራ ርቃ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ በቅጠል ንቅሳት ማስሸፈን ፈልጋለች። ጠባሳን ደግሞ መስመር አይደብቀውም፤ ጥላ ነው የሚደብቀው። ዳኛው ይሥራልሽ ብላት...
"ሻዩን የደፋሽብኝ አንቺ፣ የምትጨርሺውም አንቺ።"
የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ። ይግባኝ የለም።

ጥር 14
መርፌው እንደ ዥዋዥዌ ቀለል ብሎ ነክቶ መነሳት አለበት ይላል ዳኛው። የእኔ የጆንያ ስፌት ነው። ግራጫው ላይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። እንቁላሏ ኩፍኝ ወጣባት።

ጥር 17
ተሳካ። ዶሮ ራሷ እንደዚህ ያለ እንቁላል ጥላ አታውቅም። ለእህቴ ደወልኩ፣ ቅዳሜ ነይ አልኳት። ከዚያ (ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፣ ጅል!) ዳኛውን ጠራሁ።
ሶፍት የሳሙና ውሃ ውስጥ ነከረ። አንዴ ጠረገ። ጥላው እንዳለ ወደ ሶፍቱ ተዛወረ። ላስቲኩ ላይ የቀረው ኩፍኙ ብቻ። ለካ የፈሰሰውን ቀለም ሳልጠርግ በጓንቴ እየዳበስኩ ነበር ሳሳምር የዋልኩት።
"ይሄ መኳኳያ ነው" አለ።
ሶፍቱን አልጣልኩትም። እንዴት ያለ ጥላ ነው እሱ ላይ...

ጥር 18
እህቴን አትምጪ ልላት ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ። ሦስቴ አስቀመጥኩ። ፈሪ።

ጥር 20
ላስቲክ አይጮህም። እጄ ከብዶ እንደሆነ በምን ልወቅ? ለዳኛው የቅዳሜውን ቀጠሮ ነገርኩት፤ የራሴ ጭን ላይ ልሞክር ብዬም ጠየቅኩ። "ከሳሽም ተከሳሽም አንቺ ነሽ" ብሎ ፈቀደ።
መርፌው ሲጠልቅ እንባዬ መጣ። ቀለል ሳደርግ ቻልኩት። እህቴ ላይ ላደርገው የነበረው ይሄንን ነው? ትንሽ ነቀስኩ፣ ጠረግኩ፣ ትንሽ ነቀስኩ፣ ጠረግኩ። ሲያልቅ ዳኛው ራሱ ጠረገው። ትንሽ ጎርበጥ ያለች፣ ግን ጥላዋ ያልለቀቀ እንቁላል።
"ቅዳሜ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

ቅዳሜ ጥር 22
እህቴ ወንበሩ ላይ ሆና ስለ አዲሱ ሥራዋ አወራች፣ አወራች... መሐል ላይ አፏን ከፈተች። እንቅልፍ ወስዷት። እኔ ስነቅሳት!
ከጠባሳው ጀምሬ እያሳሳሁ ወደ ጫፉ። ጀርባዬን አሞኛል፣ ሶፍት ጨርሻለሁ። ዳኛው አዲስ ጥቅል ከፈተ፣ ነከረ፣ ጠረገ። ሶፍቱን ወደ መብራቱ አነሳው። ትንሽ ደም፤ ቀለም የለም።
ክንዷን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።
"ቅጠል" ብሎ ሄደ።