ፊቱን ገልጦ ያየ የለም

ይድረስ ለእታለሜ ለእፀገነት፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የማይለቅሽ ራስ ምታትስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አንዱአምላክስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ወንድምሽ ቢሆነኝ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሌላው ሰው ይህን ለወግ ይጽፈዋል፤ እኔ የምጽፈው እንድታውቂው ነው። አልሞትሁም።

ትናንት ጎረቤታችን ባየልኝ ለሰሊጥ አጨዳ ኮኪት ወረደ። ከመኪናው ሲወርድ አይቼ ልስመው ብሮጥ አማተበና ሸሸኝ። «በሥላሴ ስም! ተዝካርህን በልተን አልነበረም ወይ?» አለኝ። ዳስሶኝ ሰው መሆኔን ካመነ በኋላ ሁሉንም ነገረኝ። እናታችን አርባዬን አውጥታ ቆብ ደፍታ ገዳም መግባቷንም ከእሱ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ ለአረም እርሻ ውስጥ ሳለን ወባ ጣለኝ። አብሮኝ የሚያርመው የወሎው ልጅ ቸሩም ታሞ ከጎኔ ተኝቶ ነበር። ብርድ ብርድ ሲለው እናታችን ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ አለበስሁት። ትራክተሩ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ስለነበር ወደ ጤና ጣቢያ እኔን አስቀደሙኝ። እሱ ተራውን ሲጠብቅ ሞተ። ያ የአገራችን ልጅ ዘሩ ከሌላ እርሻ መጥቶ በጋቢዬ የተሸፈነ ሬሳ አየ፣ ጥለቱን ለየና «ቢሆነኝ ነው» አለ። ፊቱን ገልጦ አላየም! በማግስቱ መርዶዬን ይዞ አገር ገባ። እኔ ከሕመሜ ስነሣ ስልኩ ተቋርጦ ነበር፤ በሹፌር የላክሁልሽ ወረቀትም የት እንደቀረ አላውቅም።

ዘሩን ተይው፤ ያናደድሽኝ አንቺ ነሽ። አስተማሪዬ ነበርሽ እኮ! ያን የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። መድኃኒት ጠጥታ የተኛችውን ልጅ ፍቅረኛዋ ሞታለች ብሎ ከጎኗ ራሱን የገደለበትን ቦታ አንብበሽ «ጥቂት ቢቆይ ትነቃ ነበር፤ ለምን አልጠበቀም?» ብለሽ ፈተና ላይ ጠየቅሽን። እኔ «ፍቅሩ ስለበዛ» ብዬ ጻፍሁ። አሥር ከአሥር ሰጠሽኝ፣ ለክፍሉም አነበብሽው።

ሁለታችንም ተሳስተናል። ሰው አጥብቆ የፈራውን ሲነግሩት ለማጣራት አቅም ያጣል። የተውኔቱ ልጅ መንገድ ሙሉ ሲፈራው የመጣውን ነው ያየው። እናታችንም ቆላ ከወረድሁ ጀምሮ መርዶዬን ስትጠብቅ ነው የኖረችው፤ እሷን አልወቅስም። አንቺ ግን «ማን ገነዘው? ፊቱን አይተሃል?» ብለሽ ዘሩን መጠየቅ እንዴት አቃተሽ?

እናታችን ስትመነኩስ እንደ ደንቡ ፍትሐት ተደግሞላታል። ለእኔም ተደግሟል። ሁለታችንም በሕይወት አለን። ለሞተው ለቸሩ ግን ያለቀሰለት የለም፤ እናቱ ዛሬም ትጠብቀዋለች። ስለዚህ አጨዳውን ትቼ ነገ ከገንዳ ውሃ በአውቶቡስ እነሣለሁ። የቸሩን አገር ጠይቄ እናቱ ዘንድ እደርሳለሁ፤ ከጎኑ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ገዳሙ እወጣለሁ። ወንድ አይገባም ካሉኝ በር ላይ እቆማለሁ።

አንዱአምላክን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ድንኳን ውስጥ ላለቀሱልኝ ጎረቤቶች ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ለዘሩ ሰላምታ የለኝም። እናቴን እማሆይ በል ብትይኝ አልልም፤ እናቴ ናት። ይህን እንዳነበብሽ ሂጂና ንገሪያት። ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ እታለም። ደንግጣ በእውነት እንዳትሞትብኝ።

ወንድምሽ ቢሆነኝ
ኮኪት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.