አባትሽ የሚቆራርጣቸው ወረቀቶች

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? የኔ ጉልበት እንደምታውቂው ነው፤ ሜዳ ላይ ይታረቀኝና ደረጃ ላይ ይከዳኛል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው እንዳልልሽ ደግሞ፣ እሑድ በስልክ «እማዬ፣ ምን ሆናችኋል? አባዬ ለምንድን ነው ስልኩን ቶሎ ላንቺ የሚሰጠው?» ስትዪኝ «ምንም» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና ምን ልበልሽ? በወረቀት ይሻላል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል። ግራ ከገባኝም ሁለት ወር አለፈኝ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ማሽን ጋር ነው። የወረቀት መቆራረጫ። አባትሽ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ታቅፎ አመጣት። የቆሻሻ ቅርጫት ላይ ክዳን የገጠሙባት ነው የምትመስለው። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ርካሿ እሷ እንደሆነች ከድምጿ ታውቂያለሽ፤ አጥንት እንደሚቆረጥም ውሻ ናት። ካርቶኗ ላይ ስድስት ወረቀት ባንዴ ትቆርጣለች ይላል፤ ሦስት ከሰጠሻት ትታነቃለች። ሁለት ደቂቃ ከሠራች ደግሞ በጣም ትሞቅና ቀጥ ትላለች። እስክትበርድ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ስሟን ቦጫጫቂዋ ብያታለሁ።

«ደግሞ ይቺ ምን ልትሠራልን ነው?» አልኩት።

«ሰው የጣልነውን ወረቀት ለቃቅሞ ስማችንን ያውቃል፣ አድራሻችንን ያውቃል። ዘመኑ ክፉ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ።

የኛን ስም ማን ይፈልገዋል ብዬ ሳቅሁበት። አባትሽ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ማህደሩ» እያለ ነበር የሚጠራው። የፋይል ስም ሲነግሩት ካርድ ሳያይ መደርደሪያውን በጣቱ ያሳይ ነበር። ዕድሜ ልኩን ወረቀት ሲያስቀምጥ ኖሮ አሁን መጣል አማረው ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ የድሮ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ቆራረጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ወደድኳት። የማይረባ የማስታወቂያ ወረቀት እየሰጠኋት ስትውጥ ማየት ደስ ይላል። ደረሰኙ ካለቀ በኋላ ግን እሱ አልተወም። ጠዋት ጠዋት ያንቺ ክፍል ይገባና በሩን ይዘጋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ድምፅ የለም። ከዚያ ቦጫጫቂዋ ትጮሃለች። ሸሚዙን አስተካክሎ ይወጣና «ደህና አደርሽ የኔ እመቤት» ይለኛል።

የኔ እመቤት! ሠላሳ ስድስት ዓመት ስንኖር በስሜ ካልሆነ ጠርቶኝ አያውቅም። ላንቺ መንገሩ ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ሳይወጣ ፀጉሬን ማበጠር ሁሉ ጀምሬ ነበር እኮ።

አንድ ቀን ቅርጫቷን ልደፋ ብዬ ስከፍታት እንደ ፓስታ የተንዠረገገ ወረቀት ወጣ። የሱ ጽሕፈት ነው፣ በሰማያዊ እስክሪቢቶ። ከትንሽ ደብተር ቅጠል እየገነጠለ በጎኑ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ መስመሩ አይቆረጥም፣ አንዱ ቁራጭ አንድ ሙሉ መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። ወረቀት ሲያደራጅ የኖረ ሰው ይህን አለማሰቡ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። አንዱን አንስቼ አነበብኩ። «አጠር ትላለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች» ይላል። ሌላው፣ «ስሟን አትጠይቃት፤ ይከፋታል»።

ልጄ፣ ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜው!

ቁራጩን ሁሉ በፌስታል አጭቄ ታች ልብስ ሰፊዋ ጋ ወረድኩ። ጎረቤታችንን ታውቂያታለሽ፣ ምስጢር የምትይዘው መርፌ አፏ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ግን ሌላ ማን አለኝ? መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«እትዬ፣ ይቺ ሴት እዚሁ ሰፈር ናት» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«አጠር ትላለች ይላላ! ረጅም ብትሆን ኖሮ እኛም በሩቁ እናያት ነበር።»

ብናደድም ሳቄ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። መቀሷን አስቀምጣ ፈዛ ታየኛለች።

«ምነው?» አልኳት።

«እትዬ… እጅሽ» አለች።

እጄ አፌ ላይ ነበር።

ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ገልብጠን፣ በብጣሽ ጨርቅ መሐል ቁራጩን አንድ በአንድ ዘረጋነው። «ስሟ ከጠፋብህ የኔ እመቤት በላት» የሚል አገኘሁ። እሱ ብቻ ሰባት ቦታ ተጽፏል። የሰባት ቀን መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ያንቺን ክፍል በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ቦጫጫቂዋ ታንቃ ቀይ መብራቷ ይበራል፤ ግማሹን ወረቀት ውጣ ግማሹን ትታዋለች። አባትሽ የቀረውን በሁለት እጁ ይጎትታል። ሲያየኝ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ነው የመሰለው።

«የምን ወረቀት ነው?» አልኩት።

«የቢሮ።»

«ጡረታ ከወጣህ እኮ ስድስት ዓመት ሆነህ።»

አልጋሽ ላይ ተቀመጠ። «ጠዋት የማስታውሰውን እጽፋለሁ። ከዚያ አጠናዋለሁ። እንዳታገኚው ደግሞ አጠፋዋለሁ» አለኝ። «ፈተና እንዳለበት ተማሪ ሆኛለሁ። የሚጻፈው ደግሞ በየቀኑ እያነሰብኝ ነው።»

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። «እሺ፣ ስሜ ማን ነው?» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! አየኝ፣ አየኝ። ግንባሩን አላበው። «ይመጣል፤ ትንሽ ታገሺኝ» አለ። ታገስኩ። አልመጣም። ነገርኩት። ቀስ ብሎ ደገመው፤ ስሜን እንደዚያ ተጠንቅቆ የጠራው ሰው የለም። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጬ ሁለታችንም አለቀስን።

ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ ቀኑን ጠየቀችው፣ የሰዓት ሥዕል አሣለችው፣ ለነገሩም ስም ሰጠችው። ስሙን እዚህ ጽፌ ላስጨንቅሽ አልፈልግም። መድኃኒት ጀምሯል፤ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም ብላናለች። ከዚያ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዞ፣ «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» አለኝ። እሺ አልኩት፣ ማልኩለትም። ይኸው አሁን መሐላዬን እያፈረስኩ ነው። ልክ ልሥራ ልሳሳት አላውቅም። ብደብቅሽ አንቺን በደልኩ፣ ብነግርሽ እሱን። ዝም ብዬ ሳስበው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ኑሮው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። መጻፉን አልተወም፤ አሁን ግን በሩ ክፍት ነው፣ አንዳንዴም የረሳውን ጮክ ብሎ ይጠይቀኛል። ሲጨርስ አሁንም ይቆራርጠዋል። ተው ስለው፣ «ሰው ያየዋል» ይላል። ባለፈው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ካርዱንም አብሮ ለቦጫጫቂዋ ሰጣትና ቀኑ ጠፋብን። ተመልሰን ስናስጽፍ መዝጋቢዋ «ካርዱስ?» አለችን። «ማሽን በላው» አላት ኮራ ብሎ። እስከ ቤታችን እየሳቅን ገባን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ስትደውዪ «እንዴት ነህ» ከማለትሽ በፊት ስምሽን ንገሪው። እንደ ቀልድ አድርጊው፤ «አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ» በይውና ስምሽን ጨምሪ። ድምፅሽን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ እሱን በዓይኔ አያለሁ። እንዳትመጪ አልልሽም፣ ነይም አልልሽም። እናት ሆኜ ይህን አለማወቄ ይገርመኛል።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ። የያዝሽውን ያስጨርስሽ። ደጉን ሰው በመንገድሽ ያቁምልሽ።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ብቅ ብሎ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ለልጃችን አልኩት። «ሰላም በይልኝ፣ ናፍቃኛለች በያት» ብሎ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና «ለማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ሰላም በይልኝ፣ ናፍቃኛለች በያት» አለኝ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ደስ ብሎት። ሁለቱንም ጽፌልሻለሁ።

የምትወድሽ
እናትሽ