ያ ምርቃት የማን ነው?

ለምወድሽ፣ ዛሬ ግን ለተቀየምኩሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ታናሻችን፣ አክስታችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? የአፍ ልማድ ሆኖብኝ የምጠይቅ እንዳይመስልሽ። መልሱን አንድ በአንድ እፈልገዋለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። አባባ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። ያውም ከማላውቃት ሴት አፍ፣ የፖሊስ ፈተና ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን እንደሰማሁ ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብለሽ ትተሽው ይሆናል፤ ኔትወርክ አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ፤ በደብዳቤ እንኳ አታቋርጪኝም።

ሩጫውንም የጽሑፉንም ፈተና ማለፌን ነግሬሽ ነበር። የቀረኝ የሥነ ልቦናው ምዘና ብቻ ነበር፤ ሁሉም የሚፈራው ደግሞ እሱን ነው። ሜዳ ሙሉ ሮጦ የማይደክመው ጎረምሳ «ጭንቅላታችሁን ይመረምራሉ» ሲባል ተራውን ለሌላ ይለቃል። እኔ የሆስፒታል በር ላይ ስፈትሽ የምውል ሴት ነኝ፤ ስንቱ ይሰድበኛል፣ ስንቱ ቦርሳውን ይወረውርልኛል፣ እና ምን ያስፈራኛል ብዬ ነበር። አከራያችን ግን ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ አስር አለቃ ነው የምንላቸው። እሳቸው በንቀት እንዳትገቢ ብለው፣ ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር አውጥተው ያዘጋጁኝ ጀመር።

«ልጄ፣ እዚያ ቅዱስ አይፈልጉም» አሉኝ። ዋሽቼ አላውቅም፣ ተናድጄ አላውቅም የሚለው ሰው ነው ቀድሞ የሚወድቀው። አንዱን ጥያቄ ዞረው ዞረው ይጠይቁሻል፤ ድምፅሽን አታንሺ፣ ዓይንሽን አታሽሺ፣ ያልሽውን አትለውጪ። ወጥመድ የሆነ ጥያቄም አይጠፋም፤ እሱን ስታውቂው ፈገግ ብለሽ እለፊው አሉኝ። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ደግሞ ፈታኝ ትሆንልኝ ነበር። የሌላትን መነጽር አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለች «ወይዘሪት፣ ጉንዳን ሲነክስሽ ምን ይሰማሻል?» ትለኛለች። «ጉንዳኑን አስሬ ጣቢያ እወስደዋለሁ» እላታለሁ። ስንስቅ እናመሽ ነበር። እናንተ ስታለቅሱ እኔ እዚህ ስስቅ ነበር፣ እታለም።

አንቺም በበኩልሽ አዘጋጀሽኝ። በየሳምንቱ እየደወልሽ እንቅልፍሽን ተኚ፣ ሐሳብ አታብዢ፣ እዚህ ሁሉም ሰላም ነው ትይኝ ነበር። አባባን አቅርቢልኝ ስልሽ ተኝተዋል። ሌላ ቀን ጎረቤት ሄደዋል። ሌላ ቀን ጆሯቸው ከብዷል፣ በስልክ አይሰሙም። እማዬ ድምፅዋ ተዘግቶ ስሰማት ጉንፋን ነው ብለሽ ስልኩን ተቀበልሻት። ያን ሁሉ ጊዜ የማይለቅ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በር ላይ የሰውን ሁሉ ቦርሳ እበረብራለሁ፤ የእህቴን ቃል ግን ልፈትሽ አልደፈርኩም።

አባባ ይህን የፖሊስነት ሥራ እንደማይወዱት ከማንም ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ሰው የተሰረቀ ብስክሌት ለጥገና ስላመጣባቸው ብቻ ፖሊሶች እንደ ሌባ ጣቢያ ያሳደሯቸውን እስከ መጨረሻው አልረሱም። «ያንን ልብስ ከለበሰች ደጄን አትርገጥ» ብለው ነበር። በራሳቸው ድምፅ በመጨረሻ የሰማሁት «እስቲ አስቢበት» የሚለውን ነው፣ ያውም በሳል መካከል። ከዚያ ክረምቱ ወጥቶ አንድ እሑድ ደወልሽና አባባ መርቀውሻል አልሽኝ። «ትግባ፤ ብቻ የሰው እንባ እንዳይከተላት» ብለዋል አልሽኝ። እኔ ያን ቀን በደስታ አለቀስኩ። ለአስር አለቃ ስነግራቸው፣ እኔ ካስተማርኩሽ ሁሉ ይሄ ይበልጣል አሉኝ።

የፈተናው ቀን መጀመሪያ እውነት ወይም ሐሰት እያሉ የሚመልሱት ወረቀት ሰጡን። አንዱ ላይ «ቤተሰቤ ከእኔ የሚደብቀው ነገር የለም» ይላል። «እውነት» የሚለውን እርሳሴ እስኪሰበር ድረስ አከበብኩት። አሁን ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ወደ ባለሙያዋ አስገቡን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ በእኔ በኩል ሶፍት ተቀምጧል። ማን ሊያለቅስላቸው ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ንዴቴ ጠየቀችኝ፣ ሳልደናገጥ መለስኩላት። ከዚያ «ሐዘኑን እንዴት እየቻልሽው ነው?» አለችኝ። የምን ሐዘን ስላት የአባትሽን አለችኝ።

ይኸው ወጥመዱ መጣ አልኩ በልቤ። ፈገግ ብዬ አባቴ ደህና ናቸው፣ ባለፈው እሑድ እንኳ ሰላምታ ልከውልኛል አልኳት። ዞራ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩ። እንደገና ጠየቀችኝ። እኔም ድምፄን ሳላነሳ፣ ዓይኔን ሳላሸሽ፣ ያልኩትን ሳልለውጥ ምርቃቱን ቃል በቃል ነገርኳት። አፈር የለበሱትን አባቴን በሕይወት አሉ ብዬ፣ እየሳቅሁ ተከራከርኩ። እንደዚያ ቀን ጎበዝ ተማሪ ሆኜ አላውቅም።

ብዕሯን አስቀምጣ ወጣች። ስለ አመልካቾች ቤተሰብ የሚያጣራ ሰው አላቸው፤ እሱን ልታነጋግር ነበር። ለካ ሰውዬው እኛ ሰፈር ደውሎ ጠይቋል፤ ጎረቤትም ጨዋ ቤት ነው፣ አባትየው ክረምቱ ሲገባ አረፉ ብሎ ነግሮታል። ተመልሳ ስትመጣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አዙራ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም፤ ሶፍቱ ግን አልበቃኝም።

ባልሽ አወቀ፣ ታናሻችን አወቀ፣ ጎረቤት አወቀ፣ ፖሊስ እንኳ ከእኔ ቀድሞ አወቀ። እናንተ ተቃቅፋችሁ አለቀሳችሁ፣ ሰው መጥቶ አጽናናችሁ። እኔ በባዕድ ክፍል፣ ልትመዝነኝ በተቀመጠች ሴት ትከሻ ላይ አለቀስኩ። ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው እንደምትይኝ አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሴትየዋ ውሸታም አላለችኝም፤ ነገር ግን ዛሬ መርዶ የሰማ ሰው አይመዘንም፣ ሄደሽ አልቅሺ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ ብላ አሰናበተችኝ። ኮሪደር ላይ የሚጠብቁት ልጆች ዓይኔን አይተው የወደቅሁ መሰላቸው። አንዱ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ባለፈው ወድቄያለሁ አለኝ።

ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ ክፉ ብታስቢ ይቀለኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ አትችለውም ብላችሁ መፍረዳችሁ ነው። ማን ነው አትችልም ያላችሁ? ሰው ሞቶበት በሩን ይዞ ለሚጮኽ ሁሉ ውኃ የማቀብለው እኔ ነኝ። የራሴን ሐዘን ነው የነፈጋችሁኝ፣ እታለም። ለዚህ እስካሁን ይቅርታ አላደረግኩልሽም።

እማዬን ሳሚልኝ። ስደውል ስልኩን ስጫት፤ ብታለቅስ ታልቅስ፣ አብረን እናለቅሳለን። ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ አናጢ ነውና ሳጥናቸውን የሠራው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እጁ ይባረክ፣ ተቀይሜዋለሁ ግን። ታናሻችን «አባባ ምሳ እየበሉ ነው» ብሎኝ ስልኩን ጥሎ የሮጠውን አልረሳሁም፤ በዚህ አያያዙ የፖሊስ ፈተና እንደማያልፍ ንገሪው። ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስታችን በሕይወት ካለች ስልኩ ላይ ታስልልኝ፤ ካልሰማሁ አላምንሽም።

ለአባባ የምልከው ሰላምታ የለኝም፤ ጥያቄ ነው ያለኝ፣ መልሱም አንቺ ዘንድ ነው። እሳቸው ያረፉት ክረምቱ ሲገባ ነው፤ አንቺ መርቀውሻል ያልሽኝ ግን ክረምቱ ወጥቶ ነው። ያ ምርቃት የማን ነው? የእሳቸው ከሆነ መቼ እንዳሉት፣ የት ተቀምጠው እንዳሉት፣ ማን እንደሰማ ጻፊልኝ። ያንቺ ከሆነም ጻፊልኝ። ሳይመርቁኝ ሄደው ከሆነ ሳይመርቁኝ ሄደዋል፤ አታሳምሪልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ያቺ ሴት ስለ አባቴ መልሳ ትጠይቀኛለች። ከእሳቸው አፍ አልወጣም ካልሽኝ፣ አባቴ ይህን ሥራ እንደጠሉት ሞቱ፣ እኔ ደግሞ የሰው እንባ እንዳይከተለኝ ብዬ መጣሁ እላታለሁ።

የተቀየመችሽ ታናሽ እህትሽ

ከኪራይ ቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ቀሚሴን እያጠበበችልኝ
ጥቅምት 19 ቀን